ብዙ መሸጥ ወይስ ማትረፍ? ስለ መኪና አምራቾች የተነሳ ክርክር

ፒስተን፦
ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሁለት ቀን ተጨቃጭቀን መስማማት አቃተን፤ እስቲ እናንተ ፍረዱን። እሱ «መኪና የሚሠራ ድርጅት ዋና ሥራው የገበያ ድርሻውን ማስፋት ነው፣ ትርፉ ኋላ ይመጣል» ይላል። እኔ ደግሞ ድርሻ ለአለቆች ጉራ ይሆናል እንጂ ደመወዝ አይከፍልም ባይ ነኝ። ጄኔራል ሞተርስን እዩት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጠው መኪና ግማሽ ያህሉ የእሱ ነበር። ድርሻው እየሟሸሸ ሲመጣ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥራ አስኪያጆቹ «29» የሚል ቁጥር ያለበት ፒን የኮት ደረታቸው ላይ ሰክተው ይዞሩ ጀመር፤ 29 በመቶውን እንይዛለን ማለታቸው ነው። ቅናሽ በቅናሽ ላይ ደረቡ፣ ያለ ወለድ አበደሩ። በ2007 ከ9 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ ሸጦ 38.7 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ አስመዘገበ። በ2009 ፍርድ ቤት ቀርቦ ከስሬያለሁ አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

ሒሳብ ሹም፦
ፒስተን፣ ነገርህ ገብቶኛል፤ ቁጥሯን ግን ላቃናልህ። ከ38.7 ቢሊዮኑ አብዛኛው ከካዝና የወጣ ገንዘብ አይደለም። ወደፊት ስናተርፍ ከግብር እናቀናንሰዋለን ብለው በመዝገብ የያዙትን ሒሳብ፣ በቅርቡ እንደማያተርፉ ሲገባቸው የሰረዙት ነው። እሱም ራሱ ብዙ ይናገራል፣ አልክድም።

ጓደኛህ ግን ሞኝ አይደለም። አንድ አዲስ ሞዴል ተነድፎ፣ ተፈትኖ፣ የብረት መቅረጫው ተሠርቶ እስኪያልቅ፣ ለስሌት እንዲመቸን 1 ቢሊዮን ዶላር ፈጀ እንበል። 100,000 መኪና ከተሸጠ እያንዳንዱ 10,000 ዶላር ተሸክሞ ከፋብሪካ ይወጣል። 500,000 ከተሸጠ 2,000 ብቻ። ብረቱ ሳይረክስ፣ ጎማው ሳይረክስ፣ በዚያች ልዩነት ብቻ አንዱ አምራች ሌላውን አንቆ ይይዘዋል። ፎርድ ሞዴል ቲን በ1908 በ850 ዶላር ጀምሮ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 በታች ያወረደው ለድሃ አዝኖ አይደለም፤ በሸጠ ቁጥር ወጪው እየወረደለት ነው። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሠራ። እዚያ ቤት ትርፉን የወለደው ድርሻው ነው።

ማርሽ፦
መጨረሻውን ዘለልካት። ያው ፎርድ በ1927 ሞዴል ቲ አልሸጥ ሲለው ፋብሪካውን ለወራት ዘግቶ ነው ሞዴል ኤን ያዘጋጀው። ጄኔራል ሞተርስ ያኔ አለፈው። ድርሻ ላይ ተኝተህ ስትነቃ አታገኘውም።

የድሮ ሻጭ፦
ልጆች፣ እኔ መኪና ስሸጥ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። የማን መሸጫ እንደነበር አልናገርም፤ ድርሻ እንዴት እንደሚሠራ ግን ከውስጥ ላሳያችሁ።

ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ከአምራቹ ስልክ ይደወላል። ሰላምታ የለም፤ «ስንት ቀራችሁ?» ነው። አርባ ካልን፣ አርባውን በራሳችን ስም ሰሌዳ አውጥተን እንድናስመዘግብ ይነገረናል። ኮታው ከሞላ በእያንዳንዱ መኪና ጉርሻ አለ፤ አንድ ከጎደለ የሩብ ዓመቱ ጉርሻ ጠቅላላ ቀረ። ስለዚህ እናስመዘግባለን። ገዢ የላቸውም፣ በወረቀት ግን ተሸጠዋል። ከዚያ ጓሮ ይሰለፋሉ። ወንበራቸው ላይ ላስቲኩ እንዳለ ነው፤ ቆጣሪያቸው 7 ኪሎ ሜትር ይላል፣ እሷም ከጫኝ መኪና ወርደው ግቢ ውስጥ የዞሩባት ናት። ባትሪያቸው ይሞታል፤ አንድ ልጅ በየሳምንቱ ኬብል ይዞ እየዞረ ያስነሳቸዋል። በሁለተኛው ወር «ያገለገለ» ብለን ከዋጋው አንድ አምስተኛ ቀንሰን እንሸጣቸዋለን።

አንድ ቀን ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ ቀለም፣ ከስድስት ሳምንት በፊት በሙሉ ዋጋ የገዛችኝ ሴትዮ ለሰርቪስ መጥታ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አነበበች። አልጮኸችም። ቁልፏን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «የኔስ አሁን ስንት ያወጣል?» አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? ሁለተኛ ከእኛ አልገዛችም። በዚያ ሩብ ዓመት ግን ድርሻችን ጨምሯል፤ ኬክ ሁሉ ተቆርጧል።

ፒስተን፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለጓደኛዬ እልክለታለሁ።

ሒሳብ ሹም፦
ጋሼ የነገሩን ግን ተሠርቶ የመጣ ድርሻ አይደለም፣ በገንዘብ የተገዛ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መስፋት ልክ አይመስለኝም። ወጪህ ከሌላው ስላነሰ በርካሽ ሸጠህ ገበያ ብትወስድ ማንም አይነቅልህም። ወጪህ ሳይቀንስ ዋጋህን ብቻ ብትቀንስ ግን ቅናሹ ያለቀ ቀን ገዢውም አብሮ ይሄዳል።

ማርሽ፦
በወረቀት ልክ ነህ። ግን አለቃው ራሱ የትኛውን እያደረገ እንደሆነ የሚያውቅ ይመስልሃል? ኒሳን በ2011 «ፓወር 88» የሚል ዕቅድ አወጣ፤ ከዓለም ገበያ 8 በመቶ፣ ከሽያጭ ላይ ደግሞ 8 በመቶ የሥራ ትርፍ (ወለድና ግብር ሳይነሳለት ከሥራው የሚገኘው)። ሁለቱንም ባንዴ! አሜሪካ ውስጥ ድርሻውን ለማሳደግ ቅናሹን አፈሰሰው፣ ለመኪና አከራዮች በጅምላ ሸጠ። ድርሻው 8 አልሞላም፣ ትርፉም 8 አልሞላም፣ የምርቱም ስም ረከሰ፤ ገዢው ቅናሽ ካልመጣ አልገዛም ማለት ለመደ። በማርች 2020 ባለቀው የበጀት ዓመት ኪሳራው ወደ 671 ቢሊዮን የን ደረሰ። የማሻሻያ ወጪም አለበት፣ ወረርሽኙም ጫፉ ላይ ደርሶበታል፤ ሥሩ ግን ያ ዕቅድ ነው ባይ ነኝ።

ዳሽቦርድ፦
ሁላችሁም ወደ አንድ ጎን አጋደላችሁ፤ እኔ በሌላው ልምጣ። ትርፍ ብቻ ያሳደደስ ምን ሆነ? ጂፕን፣ ራምንና ፔዦን የሚሠራው ስቴላንቲስ በ2023 18.6 ቢሊዮን ዩሮ የተጣራ ትርፍ አስመዝግቦ ነበር። አለቃው ካርሎስ ታቫሬስ ወጪ በመቁረጥ የታወቀ ሰው ነው፤ ባለአክሲዮኑ ያጨበጭብለት ነበር። ትርፉ ግን ከየት መጣ? የጂፕንና የራምን ዋጋ እየሰቀሉ፣ ዝቅ ያለ ዋጋ ያላቸውን ሞዴሎች ምትክ ሳያዘጋጁ እያቆሙ። አሜሪካ ውስጥ ሌሎች ሲያድጉ እነሱ ድርሻ እያጡ ነበር። አከፋፋዮቹ ግቢያቸው በማይሸጥ መኪና ሞልቶ «የምርቶቹን ስም እያጠፋኸው ነው» ብለው በአደባባይ ደብዳቤ ጻፉለት። በ2024 የአሜሪካ ሽያጩ በ15 በመቶ ገደማ ወረደ፣ የተጣራ ትርፉ 5.5 ቢሊዮን ዩሮ ሆነ፤ ሰውዬውም ዓመቱ ሳያልቅ ለቀቀ።

ስለዚህ ፒስተን፣ ትርፍም በወረቀት ብቻ ትርፍ ሊሆን ይችላል። የነገን ደንበኛ ሸጠህ የዛሬን ሒሳብ ታሳምራለህ።

ፒስተን፦
እህቴ፣ ይቺ ወጋችኝ፤ እውነት ነው። ግን ፌራሪን ምን ትያለሽ? በ2023 የሸጠው 13,663 መኪና ብቻ ነው፤ የተጣራ ትርፉ 1.257 ቢሊዮን ዩሮ። አካፍይው፤ ከአንድ መኪና 92,000 ዩሮ ገደማ። ድርሻውን በመቶኛ ብትጽፊው ከነጥቡ በኋላ ዜሮ ትደረድሪያለሽ።

ማርሽ፦
ፌራሪን ከዚህ ክርክር አውጣልን፤ እሱ ጌጥ ሻጭ ነው፣ ጎማ ያለው ጌጥ። ጥያቄው ለሥራ የሚነዳ መኪና ስለሚሠሩት ነው። እዚያ መሃል ላይ የቀረ ትንሽ አምራች ምን እንደሚደርስበት ታውቃለህ፤ ሮቨር በ2005 ተዘጋ፣ ሳብ በ2011 መጨረሻ ከሰረ። ቮልቮ የተረፈው ትልቅ ጌታ ስላገኘ ነው፤ ፎርድ በ1999 በ6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶት፣ በ2010 ከ2 ቢሊዮን ባነሰ ለቻይናው ጂሊ ሸጠው። ሳብ እኮ መጥፎ መኪና ስለሠራ አይደለም የሞተው። ወጪውን የሚያካፍልለት ቁጥር አጣ።

ሒሳብ ሹም፦
እንግዲህ እኔ ከጅምሩ ያልኩት ይኼንኑ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ እስካሁን ያልነሳ መሰለኝ። ድርሻ የት? በዓለም? በአንድ አገር? በአንድ የመኪና ዓይነት? ሱዙኪ በ2012 አሜሪካ መኪና መሸጥ በቃኝ ብሎ ወጣ፤ ለብዙ ሰው ውርደት መሰለው። ህንድ ውስጥ ግን ከ1983 ጀምሮ የተከለው ሥራ አለ፤ ዛሬ እዚያ ከሚሸጠው የቤት መኪና 40 በመቶ ገደማ የእሱ ነው። አከፋፋዩም፣ መለዋወጫውም፣ ጋራዡም በየደረሱበት አለ፤ አዲስ የሚገባ ተወዳዳሪ ያንን መረብ ለመዘርጋት ዓመታት ይፈጅበታል። እንዲህ ያለው ድርሻ ትርፍ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። «በዓለም ስንተኛ ነን» የሚለው ሠንጠረዥ ግን ለጋዜጣ ነው የሚጠቅመው።

ጄኔራል ሞተርስም በመጨረሻ የገባው ይመስለኛል። አውሮፓ የነበረው ክንፉ ኦፔል ከ1999 ወዲህ አንድም ዓመት አላተረፈለትም፤ በ2017 ለፔዦ ባለቤት ለፒኤስኤ ሸጠው። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሽያጭ በአንድ ፊርማ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። «29» የሚል ፒን ያደርግ የነበረ ድርጅት! የሚያስቀው፣ ገዢው ፒኤስኤ በ2018 ያንኑ ኦፔል አትራፊ አደረገው። ያደረገውም ማን መሰላችሁ? ያኔ የፒኤስኤ አለቃ የነበረው ታቫሬስ፣ ዳሽቦርድ የወቀሰችው ሰውዬ።

ዳሽቦርድ፦
ቆራጭ ሲያስፈልግ ቆራጭ ጥሩ ነው፤ ሥጋው ካለቀ በኋላም መቁረጡ ነው ጥፋቱ።

ማርሽ፦
አሁን በባትሪ መኪኖቹ ላይ ያለውስ? ቴስላ በ2023 መጀመሪያ ዋጋ ቆረጠ። ሽያጩ ወደ 1.81 ሚሊዮን አደገ፤ የሥራ ትርፉ ግን ከሽያጩ 16.8 በመቶ የነበረው ወደ 9.2 ወረደ። በ2024 ደግሞ ሽያጩም ራሱ ቀነሰ። የቻይናው ቢዋይዲ በበኩሉ በዚያው ዓመት ወደ 4.27 ሚሊዮን ሸጦ 40 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ አተረፈ። ባትሪውን ራሱ ይሠራል፤ ከ1995 ጀምሮ ሲሠራ የኖረው እሱን ነው። ሒሳብ ሹም ያለው የወጪ ነገር እዚህ ይታያል። ግን በዚያ የዋጋ ጦርነት ከሥሩ የረገፉትንስ ማን ይቆጥራል?

ፒስተን፦
ጓደኛዬ ሁሉንም አነበበ። በሱዙኪ ደስ ብሎት አቅፎኝ ሊሞት ነበር፣ በኒሳን ዝም አለ፤ አሁንም ግን አልተሸነፍኩም ይላል። አንድ ጥያቄ ብቻ አለችው፣ ለጋሼ። እነዚያ ጓሮ የቆሙት አርባ መኪኖች፣ ላስቲካቸው ያልተነሳው፣ እውነት ድርሻ ውስጥ ይቆጠራሉ?

የድሮ ሻጭ፦
ይቆጠራሉ እንጂ። ሰሌዳ በወጣላቸው ወር ገብተዋል። እውነተኛው ገዢ መጥቶ ሲወስዳቸው ግን አይቆጠሩም፣ ያገለገሉ ናቸዋ። እንግዲህ ያ ወር በአርባ ጎድሎ ይጀምራል፤ መጨረሻው ላይ ስልኩ እንደገና ይደወላል።