ፕላስተሩን ከኪቦርዱ ላይ ልላጠው ወይስ ይቆይ?

ሰማያዊ ደብተር፦
ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 46 ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ባለ 61 ቁልፍ የሙዚቃ ኪቦርድ ይዞልኝ መጣ። አስተማሪ ለመቅጠር ጊዜውም ገንዘቡም ስላልነበረኝ 36ቱ ነጭ ቁልፎች ላይ የቁስል ፕላስተር እየቆረጥኩ ለጠፍኩ፤ ዶን 1፣ ሬን 2፣ ሚን 3 እያልኩ እስከ 7 ጻፍኩባቸው። ቁጥር እንጀራዬ ነውና አልከበደኝም። ዛሬ አንድ ሰማያዊ ደብተር ሙሉ በቁጥር የጻፍኳቸው ዜማዎች አሉኝ፤ 11ዱን ሳልሳሳት እጫወታለሁ።

ጣጣው የመጣው ባለፈው ጥቅምት አስተማሪ ስቀጥር ነው። ገና ኪቦርዱን እንዳየ "ይህን ፕላስተር ዛሬውኑ ይላጡት" አለኝ። እሺ ብዬ፣ ሳልልጠው፣ የሰጠኝን ኖታ ዘረጋሁ። ከኖታዎቹ በላይ ትንንሽ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ለካ ፈረንጆቹም እንደ እኔ ያደርጋሉ ብዬ ደስ እያለኝ 1፣ 3፣ 5 ብዬ መታሁ። ድመት የተራመደችበት ይመስል ነበር። ቁጥሮቹ የጣቶች ናቸው፤ 1 አውራ ጣት፣ 5 ትንሿ ጣት። አስተማሪው አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ይኸው አምስት ወር ሆነኝ። አንድ ገጽ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ደግሞ ለቀኝ እጅ ከታች ሁለተኛው መስመር ሶል ነው ተብዬ ከተማርኩ በኋላ፣ ለግራ እጅ ያው ሁለተኛው መስመር ሲ ሆኖ ጠበቀኝ። እኔ እንዲህ ያለ ሒሳብ ባቀርብ ኦዲተር አይለቀኝም። መድረክ ላይ የመውጣት ሐሳብ የለኝም፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ትዝታ መጫወት ነው የምፈልገው። ወደ ቁጥሬ ልመለስ?

ባለ ክራር፦
እትዬ፣ ይመለሱ እንጂ! እኔ ክራርን የተማርኩት አውታሮቹን ከ1 እስከ 6 ቆጥሬ ነው፤ ማንም አላሳፈረኝም። ሜጀሩ የትዝታ ቅኝት 1 2 3 5 6 ነው፤ ለዚህ የኖታው አምስት መስመር ምን ያደርጋል? የሚቸገሩት ዘፋኝ መጥቶ "ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ" ያለዎት ቀን ነው። እኔ አውታሬን እንደገና እቃኛለሁ፤ የእርስዎ ፕላስተር ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ያን ጊዜ ኪቦርዱ ላይ "ትራንስፖዝ" የሚለውን፣ ድምፁን ሁሉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገውን፣ ይፈልጉ።

ከሮተርዳም፦
እዚህ ኔዘርላንድስ ውስጥ ኮርኔሊስ ፖት የሚባል ሰው በ1931 "ክላቫርስክሪቦ" የሚባል አጻጻፍ አውጥቷል። መስመሮቹ ቁመው የሚወርዱ ናቸው፤ እንደ ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ተሰድረዋል። ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ ወረቀቱን ኪቦርዱ ላይ ቢያቆሙት ኖታው በቀጥታ ወደ ቁልፉ ይወርዳል። ለግራ እጅ የተለየ ንባብ የለውም። እኔ በሁለት ሳምንት ለምጄው ነበር፤ ችግሩ የምወደውን ዜማ በዚያ አጻጻፍ ማግኘት ነው። ሰው ሁሉ የሚለዋወጠው ያንን አምስት መስመር ነው።

ጡረተኛ የሙዚቃ መምህር፦
እህቴ፣ ከመላጥዎ በፊት ስለ ደብተሩ ልናገር፤ አንድ ነገር የሚጎድለው ይመስለኛል፦ ጊዜ። የትኛው ቁልፍ እንደሚመታ ጽፈዋል፤ ስንት ምት እንደሚቆይ ግን አልጻፉም። 11ዱን ዜማዎች የሚጫወቱት አስቀድመው በጆሮዎ ስለሚያውቋቸው ነው። የማያውቁትን ዜማ በቁጥር ብቻ ቢሰጥዎት ይቆማሉ። በዚህ አይሸማቀቁ፤ የቤተ ክርስቲያኑ የድጓ ዜማ ምልክትም እንዲሁ ነው። ድፋቱን፣ ሂደቱን፣ ቅናቱን ከቃሉ በላይ እያየ የሚያዜም ሊቅ ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ተቀብሏል።

ቁጥር የድሃ መንገድ አይደለም። ቻይናውያን በብዛት ይጠቀሙበታል፤ ከቁጥሩ በላይ ነጥብ ካለ ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከሚቀጥለው ዶ ያለውን ርቀት) ይወጣል፣ ከበታቹ ከሆነ ይወርዳል፤ ከሥሩ አንድ ጭረት ከተሰመረ የምቱ ግማሽ ነው፣ ከጎኑ ሰረዝ ካለ አንድ ምት ይጨመራል፣ 0 ዝምታ ነው። ይህን ዛሬውኑ ደብተርዎ ላይ መጨመር ይችላሉ።

ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶም በ1742 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የቁጥር ኖታ አቅርቦ ነበር። ሙዚቀኛው ራሞ የመለሰለት ተቃውሞ ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም፦ ቁጥር አንድ በአንድ ተፈትቶ ይነበባል፤ የመስመሩ ኖታ ግን ሲወጣና ሲወርድ ዓይን በአንዴ ያየዋል። ሁለት እጅ አብሮ ሲጫወት ልዩነቱ ይሰማዎታል። 40 ደቂቃ የሚፈጅብዎትም እያንዳንዱን ኖታ "ይህ ሶል ነው፣ ይህ ሲ ነው" እያሉ እንደ ቁጥር ስለሚፈቱት ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ብቻ በስም ይለዩ፤ ከዚያ ርቀቱን ይመልከቱ። ከመስመር ወደሚቀጥለው መስመር ከሆነ መሐል ላይ አንድ ነጭ ቁልፍ ይዘላሉ፤ ከመስመር ወደ ክፍተት ከሆነ ጎረቤቱ ነው። ይህ ለግራም ለቀኝም አንድ ነው። ፕላስተሩን ከዶዎቹ በስተቀር ይላጡት፤ ደብተሩን ግን እንዳይጥሉት።

ሰማያዊ ደብተር፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የርቀቱን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ትናንት ማታ ስምንት መስመር አነበብኩ፣ ስህተቱን አልቆጠርኩም። ስድስቱን ዶዎች ትቼ ሌላውን ላጥኩት። ሙጫው ግን አልለቅ ብሏል፤ የ3 ቁጥር ጥላ አሁንም ይታያል። በአልኮል ብጠርገው ቁልፉን ይጎዳው ይሆን?