«ስዋሽባክለር»፦ የሰይፈኛው ስም ከጋሻው

«ስዋሽባክለር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲነሣ ዛሬ በሐሳባችን የሚመጣው፣ በመርከብ ገመድ ተንጠልጥሎ ሰይፉን የሚያወናጭፍ የሲኒማ ጀግና ነው። ቃሉ በ16ኛው መቶ ዘመን በጽሑፍ ሲታይ ግን ስድብ ነበር፤ ሲራመድ ጋሻውን እያንኳኳ ሰው የሚያስፈራራ ጉረኛ መጠሪያው ይህ ነበር።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በቃሉ መጨረሻ ላይ ነው። «ፋይተር» ተዋጊ፣ «ሲንገር» ዘፋኝ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም «ኤር» የምትለው መድረሻ አድራጊውን የምታመለክት ይመስለዋል። ነገር ግን «ባክለር» ራሱን የቻለ ስም ነው፤ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ክብ ጋሻ ማለት ነው። ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው በጋሻው መሃል ያለው ጉብታ ነው፤ የጉብታው ስም ደግሞ «ትንሽ ጉንጭ» ከሚል የላቲን ቃል ይወለዳል። የቀበቶ ዘለበት በእንግሊዝኛ «ባክል» መባሉም ከዚሁ ዘር ነው። «ስዋሽ» በበኩሉ እያስጮኹ መምታት ነው። ስለዚህ ቃሉ ግስን አስቀድሞ ተሳቢውን ያስከትላል፤ እኛ «ኪስ አውላቂ» የምንለውን እንግሊዞች «ፒክፖኬት» ሲሉም ቅደም ተከተሉ እንዲሁ ነው።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፉለር እ.ኤ.አ. በ1662 በታተመው መጽሐፉ ስያሜውን ያያያዘው ከዚሁ ከጋሻ ድምፅ ጋር ነው። በለንደን ስሚዝፊልድ ሰይፍና ጋሻ ይዘው የሚገጥሙትን ሲያነሣ፣ ከተጎዳው የፈራው፣ ከሞተውም የተጎዳው ይበልጥ እንደነበር፣ ከጉልበት በታች መምታትም እንደ ነውር ይቆጠር እንደነበር ይናገራል። ለእኔ ከየትኛውም መዝገበ ቃላት ይልቅ የቃሉን የቀድሞ መንፈስ የሚያሳየው ይህ ነው፤ ጫጫታው ብዙ፣ ደሙ ጥቂት።

ቀጭኑና ረጅሙ ሰይፍ፣ ራፒየር፣ ሲስፋፋ ትንሹ ጋሻ ከጎዳና ጠፋ፤ ቃሉ ግን ቀረ። በኋላ የጀብዱ ልብ ወለዶችና የሆሊውድ ፊልሞች ከነቀፋው አላቀው የደፋር ሰይፈኛ ማዕረግ ሰጡት። ጋሻው ከተረሳ ወዲያ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ያ የመድረሻ ስሕተት ፍሬ አፈራና «ስዋሽባክል» የሚል ግስ ተወለደ። እንግዲህ ተርጓሚ ቃሉን ባገኘ ጊዜ በቅድሚያ ዘመኑን ይመልከት፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ጽሑፍ ውስጥ «ጉረኛ» ወይም «ደንፊ»፣ በፊልም ዘመን ደግሞ «ጀብደኛ ሰይፈኛ» ቢለው ይስማማል።