ለጡረተኛው አባቴ የእጅ ሰዓት ልሰጥ አስቤ መጠኑ ቸገረኝ

የማራኪ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። አባቴ ለረጅም ዘመን ካገለገሉበት የመምህርነት ሥራ በቅርቡ በጡረታ ተሰናብተዋል። እኛ ልጆቻቸውም ለጥምቀት ከያለንበት ስንሰባሰብ አንድ ጥሩ የእጅ ሰዓት ልናበረክትላቸው ተስማምተናል፤ ከተማው ውስጥ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ የመግዛቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወድቋል።

ያስቸገረኝ ዋጋው ወይም ዓይነቱ ሳይሆን መጠኑ ነው። አባቴ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው፤ የእጃቸው አንጓም እንደዚያው ቀጭን ነው። እስካሁን የሚያስሩት በየጠዋቱ እየሞሉ የሚጠቀሙበትን ባለ ቆዳ ማሰሪያ አሮጌ ሰዓት ሲሆን፣ እሱም አሁን አሁን መቆም አብዝቷል። ፒያሳ ያሉትን ሱቆች ስጠይቅ የወንድ ሰዓት ተብለው የሚወጡልኝ አብዛኞቹ 44 እና 46 ሚሊ ሜትር የተጻፈባቸው ትልልቅ ሰዓቶች ናቸው። እነዚህ በእሳቸው እጅ ላይ የሚከብዱ ይመስለኛል። በሌላ በኩል ደግሞ አባቴ ያለ መነጽር ማንበብ ስለሚቸግራቸው፣ ትንሽ ሰዓት ብገዛ ቁጥሩ አይታያቸው ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ስጦታውን እስከ ዕለቱ ድረስ እንዳያውቁት ስለምንፈልግ ሱቅ ይዣቸው ሄጄ ማስለካት አልችልም። ሰውየው ሳያውቅ የእጁ ልክ የሚታወቅበት መንገድ አለ ወይ? ለቀጭን እጅስ ስንት ሚሊ ሜትር ትመክራላችሁ?

ሰዓት አዳሽ፣ አራዳ፦

ወንድሜ፣ ልክ የሚነግርዎትን ዕቃ አባትዎ በየቀኑ እያሰሩት ስለሆነ እሳቸውን መለካት አያስፈልግዎትም። ሰዓቱን ሲያወልቁ፣ ለምሳሌ ገላቸውን ሲታጠቡ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይውሰዱትና የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘው የሚከተለውን ይለኩ። ማሰሪያውን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርገው ከዘርጉት በኋላ ዘለበቱ ከተያያዘበት ጫፍ ጀምረው አባትዎ እስከሚጠቀሙበት ቀዳዳ ድረስ፣ ሰዓቱን ራሱን ጨምረው፣ ያለውን ርዝመት ይያዙ። የትኛውን ቀዳዳ እንደሚጠቀሙ መጠየቅ አያሻም፤ በአሮጌ ቆዳ ላይ ያ ቀዳዳ ሰፍቶና አጠገቡ ያለው ቆዳ ተሰብሮ በግልጽ ይታያል። የሚያገኙት ርዝመት ከእጃቸው ዙሪያ በጥቂቱ ቢበልጥ ነው።

ቀጥሎ የሰዓቱን አካል ይለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ትንሽ ላብራራ። በሱቅ የሚነገርዎት 40 ወይም 44 ሚሊ ሜትር የሚለው ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ ያለው የሰዓቱ ስፋት ነው፤ የመሙያው ቁልፍ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ነገር ግን ሰዓት በእጅ ላይ መግጠሙን ወይም አለመግጠሙን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ከላይ ወደ ታች ያለው ርዝመት፣ ማለትም ማሰሪያው ከሚገባባቸው የላይኛዎቹ ጫፎች እስከ ታችኛዎቹ ጫፎች ያለው ልክ ነው። ስፋታቸው እኩል 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ሰዓቶች ቢያቀርቡልኝ የአንዱ ርዝመት 46፣ የሌላው 50 ሊሆን ይችላል፤ በቀጭን እጅ ላይ የመጀመሪያው ተመቻችቶ ሲቀመጥ የሁለተኛው ጫፎች ከእጅ ውጭ ይንሳፈፋሉ። ጫፎቹ ወደ ታች የታጠፉ ከሆኑ ደግሞ ያው ርዝመት እንኳ እጅን ያቅፋል። ስለዚህ የሰዓቱ ርዝመት ከአንጓው የላይኛው ጠፍጣፋ ክፍል እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ።

ቁጥር ከፈለጉ፣ እኔ የምሠራበት ግምት ይህ ነው፦ የእጅ ዙሪያው ከ15 እስከ 16.5 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ከ34 እስከ 38 ሚሊ ሜትር፤ እስከ 17.5 ለደረሰ ከ38 እስከ 40፤ ከዚያ በላይ ለሆነ 42ም ቢሆን ያምርበታል። ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ሰዓት ለምሳሌ ከክቡ ይልቅ ቦታ ስለሚይዝ በቁጥሩ ከሚበልጠው ክብ ሰዓት ጋር ነው የሚነጻጸረው።

የአዘዞው፦

የተሰጠው ማብራሪያ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እኔ ከ38 በታች መውረዱን አልደግፍም። ስጦታው ከልጆች ሁሉ በአንድነት ለአባት የሚቀርብ፣ በዘመድ አዝማድ ፊት የሚከፈት ነው። ዛሬ በየሰው እጅ የሚታየው 42 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዓት ስለሆነ 36 የሚሆነውን ሰዓት የሴት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጥሩም ጎላ ብሎ እንዲታይ ጠያቂው ራሳቸው ይፈልጋሉ። የብረት ማሰሪያ ያለው 42 ሚሊ ሜትር ሰዓት ቢገዙ ሰንሰለቱ በቀላሉ ስለሚያጥር የሚያሰጋ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ብሌን፦

ወንድሜ የአዘዞው የሰጡትን ሐሳብ በአክብሮት ልቃወም እፈልጋለሁ። ሰንሰለቱን ማሳጠር የሚያሳጥረው ማሰሪያውን እንጂ ሰዓቱን አይደለም፤ የእጁ ዙሪያ በሰንሰለት ቢስተካከልም የሰዓቱ አካል ያው 42 ሆኖ ይቀራል፤ እንዲያውም ብረቱ ከሰዓቱ ጋር ተያይዞ ስለሚታይ ይበልጥ ያገዝፈዋል።

የወንድ ሰዓት ትልቅ መሆን አለበት የሚለውም አዲስ ልማድ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዓለም ዙሪያ ወንዶች ያስሩት የነበረው ባብዛኛው ከ33 እስከ 36 ሚሊ ሜትር ነበር። ሮሌክስ በ1945 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዴትጀስት የተባለው ታዋቂ የወንዶች ሰዓት 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በዚያው መጠን እስከ ዛሬ ይሠራል። ካሲዮ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤፍ 91 የሚባለው የላስቲክ ሰዓት ደግሞ ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 8.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ያንን ያሰረ ወንድ የሴት ሰዓት አስሯል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አባትዎ ያደጉትም ከእነዚያ ትንንሽ ሰዓቶች ጋር ነው፤ ለእሳቸው ዓይን ልከኛው መጠን ያ ነው።

ስለ ማየት ያነሱት ሥጋት ግን እውነተኛ ስለሆነ ላቆይዎት። ሰዓት የሚነበበው በስፋቱ ብቻ ሳይሆን በገጹና በጠቋሚዎቹ መካከል ባለው የቀለም ልዩነት ነው። ጥቁር ገጽ ላይ ጥቁር ግራጫ ጠቋሚ ያለበት 44 ሚሊ ሜትር ሰዓት፣ ነጭ ገጽ ላይ ወፈር ያሉ ጥቁር ጠቋሚዎችና 12ቱም ቁጥሮች በሙሉ የተጻፉበትን 36 ሚሊ ሜትር ሰዓት ያህል አይነበብም። የውኃ ጠላቂዎች የሚባሉት ሰዓቶች በመስታወቱ ዙሪያ ሰፊ የሚዞር ቀለበት ስላላቸው ውጫዊ ስፋታቸው ትልቅ ቢሆንም ለገጹ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ጠርዙ ቀጭን የሆነ ሰዓት በአንጻሩ ከሞላ ጎደል ሁለመናው ገጽ ነው። ስለዚህ የሚያወዳድሩት የመስታወቱን ስፋት ይሁን። በግራና በቀኝ ትንንሽ ተጨማሪ ቆጣሪዎች የተደረደሩበትንም ይተዉት፤ የሰዓቱን ቁጥሮች ይሸፍናሉ።

ቀን የሚያሳየውን ትንሽ መስኮትም ቢተዉት እመርጣለሁ። መስኮቱ አንድ ቁጥር ከገጹ ላይ ይወስዳል፤ ጽሑፉም በጣም ደቃቅ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ እስከ 31 የሚቆጥር ስለሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ ሰው 30 ቀን በሞላ ቁጥር በእጁ ማስተካከል ይኖርበታል፤ ጳጉሜን ሲመጣማ ይብሳል። አባትዎ ሌሊት ለማኅሌት ወይም ለኪዳን የሚነሱ ከሆነ በጨለማ የሚያበራ ቀለም የተቀባ ጠቋሚ ያለውን ይፈልጉላቸው።

የሸሚዝ እጅጌ፦

እስካሁን ስለ ውፍረት የተናገረ ስለሌለ ይህን ልጨምር። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጥር ጠዋት ብርዷን ሁላችንም እናውቀዋለን። በአባትዎ ዕድሜ ያለ ሰው ሸሚዙን አንጓው ድረስ ቆልፎ፣ ሹራብና ኮት ደርቦ ነው የሚወጣው። ሰዓቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ከእጅጌው ሥር ይገባል፤ 13 ሲሆን ግን እጅጌው ላይ እየተንጠለጠለ ቁልፉን ያስከፍታል፣ የበር መቃንም ይነካል። ለቀጭን እጅ ደግሞ ወፍራም ሰዓት ሚዛኑን ስለማይጠብቅ ወደ ጎን ይንሸራተታል።

ውፍረቱ የሚመጣው ባብዛኛው ከውስጡ ሥራ ነው። በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ሰዓት ከሌላው ሥራው በላይ የሚሽከረከር ክብደት ስለሚሸከም በብዛት ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በባትሪ የሚሠራው 7 ወይም 8 ሆኖ ሊያልቅ ይችላል። አባትዎ በየጠዋቱ መሙላት ልማዳቸው ከሆነ በእጅ የሚሞላ ቀጭን ሰዓት ቢገኝ ደስ ይላቸው ነበር፤ ካልተገኘ ግን ከወፍራሙ ይልቅ ባለ ባትሪው ይሻላል እላለሁ።

የማራኪ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ እንዳሉት አድርጌ ለካሁት። በአሮጌው ሰዓት ማሰሪያ ላይ ያገኘሁት ርዝመት 16.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የሰዓቱ ስፋት 34፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት 41 ሚሊ ሜትር ሲሆን ማሰሪያው የሚገባበት ክፍተት 18 ነው። ታናሽ ወንድሜ በሰውነቱ አባታችንን ስለሚመስል የእሱን አንጓ በክር ብለካው ያው 16.5 ሆነ፤ የላይኛው ጠፍጣፋ ክፍል ደግሞ 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ፒያሳ ላይ ሁለት ሰዓቶች መርጬአለሁ። አንደኛው ራሱን የሚሞላ፣ ስፋቱ 40፣ ርዝመቱ 49፣ ውፍረቱ 12.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ባለ ብረት ማሰሪያ ነው። ሁለተኛው በባትሪ የሚሠራ፣ ስፋቱ 37፣ ርዝመቱ 44፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ገጹ ነጭ፣ ቁጥሮቹ ሙሉና ጥቁር፣ ማሰሪያውም ቡናማ ቆዳ ነው። የመጀመሪያው ግን በስልክ ያነሳሁትን ፎቶ ለእህቶቼ ስልክላቸው የበለጠ ግርማ አለው ብለውኛል። ልቤ ስለተከፈለ እናንተን ልጠይቅ።

ሰዓት አዳሽ፣ አራዳ፦

37ቱን ይግዙ። 49 የሚሆነው ሰዓት ከ48 ጠፍጣፋ ላይ ያልፋል፤ በወጣት እጅ ላይ ይህ ይታለፍ ይሆናል፣ በአባትዎ ላይ ግን ዕለት ዕለት የሚሰማቸው ነገር ነው። 37ቱ ካሰሩት አሮጌ ሰዓት በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሰፋ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ ያችው ጭማሪ በዚያ ላይ ቁጥሩን ታጎላላቸዋለች።

በፎቶው አይፍረዱ። ስልክ ወደ እጅ ተጠግቶ ሲያነሳ ከፊት ያለውን ሰዓት ያገዝፋል፣ ከኋላ ያለውን ክንድ ያሳንሳል። ታናሽ ወንድምዎን ሱቅ ይዘው ይሂዱና ሁለቱንም አስረውለት፣ ክንዱን ዘርግቶ ከሁለት ሦስት እርምጃ ርቀት ይመልከቱት፤ ሌላ ሰው እጁን የሚያየው ከዚያ ርቀት ነው። ከቻሉ እህቶችዎን ከዚያው ሆነው በቪዲዮ ያሳዩአቸው።

ብሌን፦

እኔም ከጋሼ ጋር እስማማለሁ። በተጨማሪ፣ ታናሽ ወንድምዎ ሲሞክሩት መነጽር የሚያደርግ አንድ ትልቅ ሰው አጠገብዎ ካለ መነጽሩን አውልቆ ሰዓቱን እንዲያነብልዎ ይለምኑት። ከማንኛውም ቁጥር የተሻለ ማረጋገጫ ነው።

የአዘዞው፦

ልኩ እንዲህ ከሆነ እኔም ሐሳቤን አነሣለሁ፤ 49ኙ አይሆንም። ሆኖም የቆዳው ማሰሪያ ለእሳቸው ረዝሞ እንዳይንጠለጠል እፈራለሁ። ሱቅ ውስጥ ያለው ማሰሪያ ለወፍራም እጅ ጭምር ተብሎ ነው የሚሠራው።

ሰዓት አዳሽ፣ አራዳ፦

ትክክል ነው፤ ማሰሪያው ላይ ብዙ ሰው አያስብም። የተለመደው የቆዳ ማሰሪያ ረጅሙ ወገን 115 ወይም 120፣ አጭሩ 75 ሚሊ ሜትር ነው። በ16.5 እጅ ላይ በሰዓቱ በኩል ካሉት የመጨረሻዎቹ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሳይደርስ አይቀርም። ወንድምዎ ሲሞክሩት ዘለበቱ በመካከለኛዎቹ ቀዳዳዎች ላይ ከዋለ መልካም ነው፤ የመጨረሻው ላይ ከዋለ አጠር ያለ ማሰሪያ እንዲቀይሩልዎ ባለሱቁን ይጠይቁ። ሲቀየር በሰዓቱ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት 18 ይሁን 20 አስለክተው ይውሰዱ፤ ከክፍተቱ የጠበበ ማሰሪያ እየተንገዋለለ የሚይዘውን ፒን ያላላዋል፣ የሰፋውም ቆዳው ተጣጥፎ ይሰነጠቃል።

ተጨማሪ ቀዳዳ ግን አስቀድመው አያስበሱ። ከማሰሪያው ያገኙት ልክ የአሮጌ፣ የተለጠጠ ቆዳ ልክ ነው፤ አዲስ ቆዳ ደረቅ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ጠበቅ ይላል። የሰውም እጅ በቀኑ ሙቀት ያብጣል፣ በጠዋት ብርድ ይቀንሳል። በዓሉ አልፎ አባትዎ ጥቂት ቀን ካሰሩት በኋላ ከሰዓት በኋላ ላይ ይሞክሩት፤ በማሰሪያውና በአንጓው መካከል ትንሿ ጣት ሳትጨነቅ ከገባች ይበቃል። ከዚያ በላይ ከላላ ወደ አራዳ ብቅ ይበሉ፣ በቀዳዳ መብሻው በደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው። እስከዚያው የዋስትናውን ወረቀትና ደረሰኙን አያስጥሉ፤ ባለሱቁም መጠኑ ካልሆነ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ ሳይነሳ እንደሚቀይርልዎ ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ።