ከጅማ የላኩት ኮምፒውተር አዲስ አበባ ተጎድቶ ደረሰ፣ ከገዢው ጋር ምን ላድርግ?

የኮቺ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ እስኪ አንድ ነገር አማክሩኝ በጣም ነው የጨነቀኝ። ዴስክቶፔን ቴሌግራም ላይ ለጥፌ አዲስ አበባ ያለ ልጅ በ46 ሺህ ገዛኝ፣ ኮር አይ ፋይቭ 10ኛ ጀነሬሽን፣ 16 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1660 ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ስክሪን ሚያወጣው) ያለው፣ ኬዙ በአንድ ጎኑ መስታወት የሆነ። ብሩን ሙሉውን በቴሌብር ላከልኝ፣ እኔም ከማሸጌ በፊት አብርቼው ጌም እየተጫወትኩበት ቪዲዮ ቀርጬ ልኬለታለሁ። ከዛ ዙሪያውን ስፖንጅ አድርጌ ካርቶን ውስጥ ከትቼ በፕላስተር ጠፍሬ መናኸሪያ ወሰድኩትና ሌሊት ለሚወጣው አውቶቡስ ሰጠሁ፣ የጭነት ከፍዬ ደረሰኝ ቆርጠውልኛል፣ ረዳቱንም ተሰባሪ ነው ላዩ ላይ ምንም እንዳትጭኑበት አደራ ብዬዋለሁ፣ እሺ ከታች ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ነው ማስገባው አለኝ።

ልጁ ሊቀበል ሲሄድ ግን ካርቶኑን ያወረዱለት ከፖርቶመጋላ ላይ ነው፣ ጆንያ ተጭኖበት አንዱ ማዕዘኑ ጭፍልቅ ብሏል። መስታወቱ ረግፏል፣ ቤት ወስዶ ሲሰካው ፋኑ ይዞራል መብራቱም ይበራል ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ረዳቱን ሲጠይቀው ስንረከበውም እንደዚሁ ነበር ብሎት ሄደ። ልጁ ጨዋ ልጅ ነው አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም፣ ግን ብሬን መልስልኝ ነው ሚለው። እኔ ደግሞ በብሩ ለትምህርቴ ላፕቶፕ ገዝቼበታለሁ። ኃላፊነቱ የማን ነው፣ የኔ፣ የአውቶቡሱ ወይስ የሱ? ልጁን መበደል አልፈልግም፣ እኔም ሰው ባበላሸው ዕቃ 46 ሺህ መክሰር ከአቅሜ በላይ ነው።

ሄርማታ ጥገና፦
ወንድሜ መጀመሪያ አሁኑኑ ደውልለትና ከሶኬት ነቅሎ እንዲተወው ንገረው። ስባሪ መስታወት ፋን ውስጥ ገብቶ ክንፉን ይሰብረዋል፣ የተፈታ ብሎን ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር ሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ወድቆ ከሆነ ደግሞ ሾርት አድርጎ የተረፈውንም ያቃጥልባችኋል። ከምንም ነገር በፊት ካርቶኑን፣ የተጨፈለቀውን ማዕዘን፣ የኬዙን ውስጥ በደንብ ፎቶ ያንሳ፣ ካርቶኑንም እንዳይጥለው።

ፋን ዞሮ ዲስፕሌይ የለም ማለት ኮምፒውተሩ ሞቷል ማለት አይደለም። እኔ ጋ ከመንገድ የሚመጡት አብዛኞቹ እንደዚህ ሆነው ነው። ራም ከስሎቱ (ከምትሰካበት ቦታ) ትንሽ ብቅ ካለች ራሱ ምስል አይመጣም፣ ነቅሎ መገናኛዋን በንጹህ ላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ቀጭ እስክትል ይመልሳት። ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱ። ካርድ ከባድ ነው፣ መኪና በነጠረ ቁጥር ያ ሁሉ ክብደት አንድ ስሎትና ሁለት ብሎን ላይ ነው ሚያርፈው፣ ለዛ ነው ሰው ኮምፒውተር ሲልክ ካርዱን አውጥቶ ለብቻው ጠቅልሎ ነው ሚልከው ብዬ ሁሌ ምናገረው። ካርዱን ያውጣና የስክሪኑን ገመድ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ ላይ ይሰካው። የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ኤፍ ፊደል ከሌለ የራሱ ግራፊክስ አለው፣ ምስል ከመጣ ማዘርቦርዱም ፕሮሰሰሩም ራሙም ደህና ናቸው፣ ጉዳቱ ያለው ካርዱ ወይ ስሎቱ ላይ ነው። የፕሮሰሰሩ ፋን ከኢንቴል ጋር የመጣው ከሆነ በአራት የፕላስቲክ እግር ብቻ ነው ሚይዘው፣ አንዱ እንኳ ከወለቀ ፕሮሰሰሩ ይግልና ራሱን ያጠፋል፣ በእጁ ነካ ነካ አድርጎ ይየው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ ደግሞ ደጋግሞ እንዳያበራው፣ ውስጡ ያለው ዳታ ይጠፋል። ኤስኤስዲ ከሆነ ውስጡ ሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ብዙ አትስጋ።

ምኑ እንደተጎዳ ሳይታወቅ ሙሉውን መልስ አልመልስም መባባል ሁለታችሁንም ነው ሚያቀያይማችሁ።

ፈረንጅ አራዳ፦
ምንም ብር እንዳትመልስ ባክህ። ሲሰራ በቪዲዮ አሳይተኸዋል፣ ለአውቶቡስ ሰጥተሃል፣ ደረሰኝ አለህ፣ ጊቤን ወርዶ ሲወጣ ለሆነው ነገር አንተ ምን አገባህ? 350 ኪሎ ሜትር ካርቶን አቅፈህ ልትሄድ ነው? ከፈለገ መጥቶ ይውሰድ ነበር።

ጅረን፦
ፈረንጅ አራዳ እንዳልከው ቀላል አይደለም ወንድሜ፣ የኮቺ ልጅን ወደ ጸብ አትምራው። በ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2323 ጀምሮ ያለው ይሄንኑ ነው ሚያየው፣ ዕቃው በውሉ መሠረት ለገዢው ከተሰጠ በኋላ የሚደርስ ጉዳት በገዢው ላይ ነው፣ ከዛ በፊት የደረሰው በሻጩ። ስለዚህ የኮቺ ልጅ፣ ዋናው ጥያቄ እናንተ የት ላይ ልትረካከቡ ተስማማችሁ ነው፣ ጅማ መናኸሪያ ወይስ አዲስ አበባ? ውል ማለት ወረቀት ብቻ አይደለም፣ ቻታችሁን ከላይ ጀምረህ አንብበው። እዚህ ድረስ አደርስልሃለሁ ብለኸው ከሆነ እጁ እስኪገባ ድረስ ያንተ ነው። በዚህ አውቶቡስ ላክልኝ ብሎ የመረጠው እሱ ከሆነ፣ የጭነቱንም ከከፈለ፣ ያንተ ክርክር ይጠነክራል። አስተሻሸጉም ይታያል፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ካርዱ እየተወዛወዘ ሄዶ ከሆነ መኪና ላይ ጫንኩ ብሎ ብቻ ማምለጥ የለም። ገዢው ደግሞ ሲደርሰው አይቶ ጉድለቱን ቶሎ ማሳወቅ አለበት፣ ልጁ ይሄን በሰዓቱ አድርጓል።

ከአውቶቡሱ ጋር ተዋውለህ የከፈልከውና ደረሰኝ የያዝከው ግን አንተ ነህ፣ ልጁ ሄዶ ቢጮህ ማን ነህ ነው ሚሉት። ስለዚህ ካሣውን ማሳደድ ያንተ ስራ ነው፣ ወደሱ አትግፋው። ሕጉን ተወውና ደግሞ አይቶህ የማያውቅ ልጅ አምኖህ 46 ሺህ ብር ልኮልሃል፣ ይሄ እምነት ዋጋ አለው።

ሰርቦ፦
እኔ ሥራዬ ዕቃ መላክ ስለሆነ ስለ አውቶቡሱ ልንገርህ። ከረዳቱ ጋር አትጨቃጨቅ ምንም አያመጣልህም፣ ደረሰኙን የቆረጠልህ ቢሮ ሂድ፣ ዛሬ ነገ አትበል በጊዜ ሂድ፣ ሲቆይ መኪናውም ሾፌሩም ተቀይሯል ነው ሚሉህ። ታርጋውን ወይ የጎን ቁጥሩን፣ ደረሰኙን፣ ከማሸግህ በፊት የቀረጽከውን ቪዲዮና ልጁ ሲቀበል ያነሳውን ፎቶ ያዝ። አቤቱታህን ጽፈህ አስገባ፣ አንዱን ቅጂ ተቀብለናል ብለው ይፈርሙበት። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዋጋ ተጽፏል? ካልተጻፈ እንደ ተራ ካርቶን ሊያዩት ይሞክራሉ፣ ያኔ የቴሌብሩን የክፍያ መልእክት አሳያቸው። ፖርቶመጋላ ላይ መጫኑን የሚያሳይ ፎቶ ካለ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

የኮቺ ልጅ፦
እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። በቪዲዮ ኮል አብረን አየነው። ስባሪውን ጠርጎ ራሙን ነቅሎ መለሰ፣ አሁንም ምንም የለም፣ ከዛ ሄርማታ እንዳለው ካርዱን አውጥቶ ማዘርቦርዱ ላይ ሲሰካው ምስል መጣ! ዊንዶውስ ገባ፣ ዲስኩም ድምጽ የለውም። ካርዱን ሲያየው ስሎት ውስጥ የሚገባው ጫፉ ጋ ተሰንጥቋል፣ የጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ሞክሮት አልሰራም። ስለዚህ የሞተው ካርዱና መስታወቱ ነው።

ቻቱንም አነበብኩት፣ እስክትረከበው በኔ ነው ብዬዋለሁ፣ ስለዚህ ቃሌ ነው። የካርዱንና የመስታወቱን 15 ሺህ ልመልስለት ተስማማን፣ ግማሹን ዛሬ ልኬለታለሁ ቀሪውን በወሩ መጨረሻ፣ ኮምፒውተሩን እሱ ያስቀረዋል። ቢሮው ሄጄ አቤቱታ አስገብቻለሁ፣ ጉዳቱን የሚያረጋግጥ ነገር አምጣ ብለውኛል።

ሰርቦ፦
ጎበዝ። ልጁ ካርዱን ኮምፒውተር ቤት ወስዶ ምኑ እንደተጎዳ፣ አዲስ ምን ያህል እንደሚያወጣ በማህተም ያጽፍና ኦሪጅናሉን ይላክልህ። የተሰበረውን ካርድም እንዳይጥለው፣ አሳዩን ማለታቸው አይቀርም።

ሄርማታ ጥገና፦
ካርዱን ከላከልህ ወደኔ ብቅ በል አየዋለሁ። ስንጥቁ መስመሩን ካልቆረጠው አንዳንዴ ይጠገናል፣ ተስፋ ግን አልሰጥህም።