መብራት ሰማይ ላይ ቢሄድስ?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ሰዎች። ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ማኪያቶዬ ሊመጣ ሲል መብራት ሄደ። ጀነሬተር ተነሳ፣ አምፖሉ በራ፣ የቡና ማሽኑ ግን አይነሳም። «አይችለውም» አለችኝ አስተናጋጇ። ነገ ማታ በረራ አለኝና አሳሰበኝ። ኮክፒት ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢጠፋ አብራሪዎቹ ምን ያደርጋሉ? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ግን ሳታስፈራሩኝ።

የሃንጋር ሰው፦
አይዞህ ወንድሜ። አስተናጋጇ ግማሹን መልሳልሃለች። ቦይንግ 737 አውሮፕላንን ውሰድ። በሁለቱ ሞተሮች ላይ አንድ አንድ ጀነሬተር አለ። ጭራው ውስጥ ኤፒዩ የምንለው ትንሽ ሞተር አለ፣ እሱም የራሱ ጀነሬተር አለው። አንዱ ቢሞት ሌላው ይሸከማል፤ ከከበደው ሲስተሙ ራሱ ኩሽናውን ያጠፋል፣ ልክ እንደ ማኪያቶህ። ሁሉም ቢሞቱ ባትሪ አለ። አንድ ባትሪ ያለው ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ሁለት ያለው 60 ደቂቃ እንዲይዝ ነው የተሠራው። ያኔ የካፒቴኑ ስክሪን ይቀራል፣ የረዳት አብራሪው ይጨልማል።

ካዛንቺስ የነበረ፦
ኤርባሶቹና ቦይንግ 787 ላይ ደግሞ ራት የሚባል አለ። ከሆዱ ወይም ከክንፉ ሥር ዱብ የሚል ትንሽ ፕሮፔለር ነው፣ ነፋሱ እያሽከረከረው ኃይል ይሰጣል። 737 የለውም። ስሙ ራት ይባል እንጂ እሱ ከወጣ እራት የሚያሞቅልህ የለም ሃሃ።

ግራ ወንበር፦
ቀልዱ እውነት ነው። አያያዙን እንደ አብራሪ ልንገርህ። ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ መለማመጃ) ላይ መብራቱ ድርግም ሲል የሁላችንም እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ላይኛው ፓኔል ነው። አሰልጣኙ ዝም ብሎ ያይና «አውሮፕላኑን ማነው የሚያበርረው?» ይላል። አንዱ አውሮፕላኑን ይይዛል፣ ሌላው ቼክሊስት (ምን ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል የተጻፈበት) ያነባል፣ በቃ። ብሬከር (ችግር ሲኖር መስመሩን የሚቆርጠው ቁልፍ) ተፈናጥሮ ቢወጣም ቤት ቆጣሪ ሲወርድ ቀና እንደምታደርገው አይደለም፤ ሾርት ከሆነ እሳት መጋበዝ ነው፣ ስለዚህ ቼክሊስቱ ካላዘዘ ወይም ካፒቴኑ ለደህንነት የግድ ነው ካላለ አይነካም፣ ከተነካም አንዴ ብቻ። ጀነሬተሮቹ ካልተመለሱ ቅርብ ያለው ኤርፖርት ነው የምትሄደው።

በጥር 2008 እ.ኤ.አ. አንድ የኳንታስ (የአውስትራሊያ አየር መንገድ) ቦይንግ 747 ባንኮክ ሊያርፍ ሲቃረብ ከአራቱ ዋና የኤሌክትሪክ መስመሮች ሦስቱ ጠፉ። ከፊት ኩሽና የፈሰሰ ውሃ ጀነሬተሮቹን የሚቆጣጠሩት ሳጥኖች ላይ ወርዶ ነው። አሁንም ኩሽና! በደህና አረፉ።

የፒያሳ ልጅ፦
እሺ፣ ቀለል አለኝ። አንድ የሞኝ ጥያቄ ልጨምር፦ ኮክፒቱ ጭልም ቢል በስልክ ነው የምታበሩት?

ግራ ወንበር፦
የእጅ ባትሪ አለን፣ መያዝ ግዴታ ነው። የኔን ቤት መብራት ሲሄድ ልጄ እየወሰደች የቤት ሥራዋን ትሠራበታለች። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት ቦርሳዬን እፈትሻለሁ።