ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ መኪና የማይበዛበት የሳይክል መንገድ የት ነው?

ፓሪስ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንቁጣጣሽን አክብረን በሳምንቱ አምስት ቀን ዕረፍት አለን። ከባለቤቴ ጋር በሳይክል ገጠር ለገጠር መዞር አስበናል። የምንኖረው ፓሪስ ዳርቻ ስለሆነ ሳይክሉን ባቡር ላይ ጭነን ራቅ ማለት እንችላለን።

ችግሬን ልንገራችሁ። አምና ከኦርሌአን ወደ ደቡብ ስንወርድ የስልኬ ካርታ ዲ 2020 የሚባል መንገድ ሰጠኝ። "ዲ" የዲፓርትማው (የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር) መንገድ ማለት አይደል፣ ገጠር ነው፣ ጸጥ ያለ ነው ብዬ ዘው አልኩበት። ምን ጸጥታ! ከባድ መኪና በከባድ መኪና ላይ ነው፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ቦይ ውስጥ ሊጥለን ምንም አይቀረውም። ባለቤቴ የባሕር ዳር ልጅ ነው፣ ሳይክል ላይ ነው ያደገው ማለት ይቻላል፣ ግን ያን ቀን ወርዶ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እየገፋ ሄደ። እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

የሎዋር ወንዝ ዳሩን የታወቀውን መንገድ ሄደንበታል። ቆንጆ ነው፣ ግን በበጋ ሰዉ መርካቶ ነው የሚመስለው። ሳይክላችን የአስፋልት ነው፣ ጎማው ቀጭን ነው፣ 28 ሚሊ ሜትር። በቀን ከ50 እስከ 70 ኪሎ ሜትር እንችላለን። ዳገት አንፈራም፣ አልፕስ ግን ይቅርብን። የት እንሂድ?

ቀይ ጎማ፦
እህት፣ ዲ 2020 ያው የድሮው ብሔራዊ መንገድ ኤን 20 ነው እኮ! እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥት ወደ 18,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ብሔራዊ መንገድ ለዲፓርትማዎቹ አስረከበ። ታርጋው ከኤን ወደ ዲ ተቀየረ፣ ከባድ መኪናው ግን ማንም አልነገረውም፣ እዚያው ነው ያለው። ሎት በሚባለው የደቡብ ምዕራብ ዲፓርትማ ውስጥ ደግሞ ያው መንገድ ዲ 820 ይባላል። ስለዚህ "ዲ" የሚለውን ፊደል አትመኚ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። የሚሽላንን ባለ 1/150,000 የወረቀት ካርታ እገዛለሁ። ቀዩን መንገድ እሸሻለሁ፣ ቢጫውን ሲቸግረኝ ብቻ እነካለሁ፣ ነጩ ላይ እኖራለሁ። ነጩ ከመንደር መንደር የሚያገናኝ ቀጭን መንገድ ነው፣ ግን አብዛኛው አስፋልት ነው፤ አንዳንዴ በሰዓት ሦስት መኪና ብታዪ ነው፣ ከሦስቱ አንዱ ፖስታ ቤት ነው። ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ካለበት መልከዓ ምድሩ ያምራል ማለት ነው። ስልክሽ አጭሩን መንገድ እንጂ ጸጥ ያለውን አይፈልግልሽም።

ቦታ ካልሽኝ ሎት። ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ ባቡር ጣቢያ ካኦር ከተማ ድረስ ቀጥታ ባቡር አለ። ከካኦር በሎት ወንዝ ሽቅብ ትሄዱና ቡዚዬ ጋ የሴሌ ወንዝ ከሎት ጋር ሲገናኝ ታገኛላችሁ። ከዚያ ዲ 41ን ያዙ። እስከ ፊዣክ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወንዙን ተከትሎ ይጠማዘዛል፣ በአንድ በኩል ገደል በሌላው የበቆሎ ማሳ። ካብረሬ ላይ የፔሽ ሜርል ዋሻ አለ፣ ነጠብጣብ ፈረሶች የተሳሉበት፣ አስቀድማችሁ ቦታ ያዙ፣ በቀን የሚያስገቡት ሰው ውሱን ነው። ማርሲያክ ላይ የፈረሰ ገዳም አለ፤ እኔ እዚያ ግንብ ሥር ሁልጊዜ ዳቦ እበላለሁ፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ፊዣክ የጥንት ግብፅን ጽሑፍ የፈታው የሻምፖልዮን የትውልድ ከተማ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ የሮዜታ ድንጋይ ጽሑፍ በትልቁ ተቀርጾ መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ትሄዱበታላችሁ።

ስትመለሱ በካዣርክ አድርጋችሁ ሎትን ተከትላችሁ ውረዱ። ሳን ሲር ላፖፒ ከወንዙ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ገደል ላይ የተንጠለጠለ መንደር ነው። ዳገቱ ያስለቅሳል፣ ቀላሉን ማርሽ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፈረንሳዮች ከመንደሮቻቸው ሁሉ መርጠውት ቀኑን ሙሉ ቱሪስት ይጎርፍበታል፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከደረሳችሁ ግን የእናንተው ነው።

የሊዮን ሰው፦
ቀይ ጎማ ሎት ብቻ ነው የሚያውቀው :) የባለቤትሽ ፍርሃት ካልወጣለት መጀመሪያ ጨርሶ መኪና የሌለበት መንገድ ላይ ውሰጂው። ቡርጎኝ ውስጥ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ የድሮ የባቡር ሐዲድ ተነቅሎ ለሳይክልና ለእግረኛ ተሰጥቷል፣ 44 ኪሎ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የተከፈተው፤ በፈረንሳይ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ "ቯ ቨርት" እሱ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ ለ28 ጎማ ምንም አይልም። ግራ ቀኙ ወይን ነው።

ከክሉኒ ወደ ማኮን ከቀጠላችሁ የቧ ክሌር ዋሻ አለ፣ 1,600 ሜትር። በክረምት ለሌሊት ወፎቹ ሲባል ይዘጋል፣ በመስከረም ግን ክፍት ነው። ውጭ 28 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ ፍሪጅ ነው፣ ጃኬት ያዙ። በነገራችን ላይ ዋሻው ውስጥ ሳትዘፍኑ እንዳትወጡ፣ ድምፁ ሌላ ነው።

ፓሪስ ዳር፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ! ባለቤቴ "ለጥ ያለ" የሚለውን ሲያነብ ክሉኒ አለ፣ እኔ ደግሞ ሎት ላይ ወድቄያለሁ። አንድ ጓደኛችን በደቡብ ያለውን የቦይ ዳር መንገድ፣ ካናል ዱ ሚዲን ሂዱ ይለናል፣ ምን ትላላችሁ? ሌላው ደግሞ እኔ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ገጠር ውስጥ ምን ልበላ ነው?

ቀይ ጎማ፦
ካናል ዱ ሚዲ በዚያ ጎማ? ተዪው። ከቱሉዝ ወጥቶ መጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፣ ከዚያ በኋላ ብዙው ቦታ የዛፍ ሥርና ጠጠር ነው። እኔ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጎማ ተንፍሶብኝ ትርፍ ከመነዳሪ አልቆብኝ የመጨረሻዎቹን 9 ኪሎ ሜትር በእግሬ ነው የገባሁት። ውሃ ዳር ካማረሽ ከቱሉዝ ወደ ምዕራብ የሚሄደው የጋሮን ካናል ይሻላል፣ እሱ አስፋልት ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንቅልፍ ያመጣል።

ሽሮ በባጌት፦
ፓሪስ ዳርዬ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ፣ እንረዳዳ። ደቡብ ምዕራብ ላይ ሁሉ ነገር ዳክዬ ነው፤ ሰላጣ ብለሽ ብታዢ እንኳ ላዩ ላይ የዳክዬ ጨጓራ ተቀምጦ ይመጣል። ስለዚህ በጾም ቀን ምግብ ቤት አትመኚ። ባጌት ትራዲሲዮን የሚባለው ዳቦ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ሕግ ወጥቶለታል፣ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ ነው፣ ወተትም ቅቤም የለበትም። ክሯሳን አትንኪ፣ ቅቤ ነው። ከሱቅ የቆርቆሮ ምስር፣ ቲማቲም፣ ዋልነት። በዚያ ወቅት በለስና ሐብሐብ በየገበያው አለ። እኔ ትንሽ ብልቃጥ አዋዜ በዘይት ለውሼ እይዛለሁ፣ ባጌቱ ውስጥ አድርጌ በላሁ ማለት አለቀ።

ዋናው ሰዓቱ ነው። የገጠር ሱቅ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋና እስከ ስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት አይከፍትም። ሰኞ ደግሞ ብዙው ጭራሽ ዝግ ነው። ጸጥታ ፈልገሽ ነው የሄድሽው፣ ጸጥታው ሱቁንም ይጨምራል። ጠዋት ዳቦ ሳትገዢ ከመንደር አትውጪ።

ውሃ ካለቀባችሁ የመቃብር ቦታ ፈልጉ። አትሳቂ፣ የምሬን ነው። የእያንዳንዱ መንደር መቃብር በር አካባቢ ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አለው። "ኦ ኖን ፖታብል" (የማይጠጣ ውሃ) የሚል ከተጻፈበት አትጠጡት። መጀመሪያ ጊዜ እኔም አማትቤ ነው የገባሁት።

የሊዮን ሰው፦
ሽሮ በባጌት ያለችው በተለይ ሎት ላይ እውነት ነው። ከሸለቆው ወጥታችሁ አምባው ላይ ከሆናችሁ መሬቱ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ዝናቡን ውጦ ያስቀረዋል፣ ምንጭ አታገኙም። ሁለት ሁለት ጠርሙስ ያዙ።

መንገድ ላይ ደግሞ "ከቀኝ የመጣ ይቀድማል" የሚለውን ባለቤትሽ ይወቅ። መንደር ውስጥ ምልክት ከሌለ ከቀኝ በኩል ከትንሽ ቅያስ የሚወጣ ትራክተር ቅድሚያ አለው፣ አይቆምልህም፣ አይቶህም አያይህም። ከከተማ ውጭ መኪና ሲያልፋችሁ አንድ ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፤ ገጠር ውስጥ አብዛኛው ሹፌር ያከብረዋል፣ እንዲያውም እጁን አውጥቶ ሰላም የሚላችሁ አለ። ጨለማ ከያዛችሁ ከከተማ ውጭ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ግዴታ ነው። እሁድ ጠዋት ጫካ ዳር ከሆናችሁ ደማቅ ልብስ ልበሱ፣ መስከረም ላይ አደን ይጀመራል።

ፓሪስ ዳር፦
እሺ፣ ታረቅን። ሎት አራት ቀን፣ አንዱን ቀን ለዕረፍት ፊዣክ ላይ። ክሉኒ ለፋሲካ ተቀጥሯል፣ ባለቤቴ አስፈርሞኛል። ካርታውን ዛሬ ገዛሁ፤ ነጩ መንገድ እኮ የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው። ባቡሩ ላይ ሳይክል ዝም ብሎ ይጫናል?

ቀይ ጎማ፦
አይጫንም። ካኦር የሚሄደው ባቡር ላይ ለሳይክሉ ለብቻው ቦታ መያዝ ግዴታ ነው፣ ያለውም ጥቂት ነው። የክልል ባቡሮቹ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ በነጻ ነው። የእናንተ ሁለት ሳይክል ስለሆነ ዛሬ ማታ ያዙት፣ ነገ አትበሉ። ዲ 820ን ካኦር መግቢያ ላይ ካያችሁት ደግሞ ሰላም በሉልኝ፣ ግን አትግቡበት።