በልብ ወለድ ውስጥ የቴሌግራም ምልልስ እንዴት ቢጻፍ ይሻላል?

ጀማሪዋ ደራሲ፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች የሚዋደዱበትን የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። የሚተዋወቁት ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ቢሆንም ፍቅራቸው የሚያድገው በቴሌግራም ስለሆነ፣ ከ210 ገጾች 40ዎቹ የጽሑፍ ምልልስ ብቻ ሆነውብኛል። ረቂቁን ያነበበችው ታላቅ እህቴ እዚያ ስትደርስ «የሰው ስልክ የምበረብር መሰለኝ፤ በርብሬም ምንም አላገኘሁ» ብላ አስቀመጠችው። «ሰላም ነው?»፣ «አለሁ»፣ «ምን በላህ?» የሚሉትን ሁሉ ባወጣቸው እውነትነቱ የሚጠፋ ይመስለኛል። ምን ያህሉን ላቆይ?

አርታኢው፦
እንደ እኔ ከሆነ ከ40ው ገጽ 5 ቢተርፍ ይበቃዎታል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው ሰብለወንጌልን ሊያስተምር ነው፤ በመካከላቸው ወግና ማዕረግ ስላለ፣ አንባቢውን ይዞ የሚጓዘው ሊነገር የማይችለው ነገር ነው። የእርስዎ ልጆች ግን የልባቸውን ሁሉ እንዳሻቸው ስለሚጻጻፉ የሚሻገሩት አጥር የላቸውም። አጥሩን ከስልኩ ከራሱ ያውጡት። ቴሌግራም መልእክቱ ሲላክ አንድ ምልክት፣ ሲነበብ ሁለት ምልክት ያሳያል፤ ላኪው የጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ልጁ ሌሊት አራት መስመር ጽፎ ወዲያው ቢያጠፋውና ልጅቷ በእንቅልፍ ዐይኗ ስክሪኑ ላይ «ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ…» የሚለውን ብቻ አይታ ቢሆን፣ የቀረውን ለማወቅ በማግስቱ የምታደርገው ሁሉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል። የጠፋው መልእክት ምን እንደነበረ ለአንባቢው ቶሎ አይንገሩት።

ወጣቷ አንባቢ፦
በአርታኢው ሐሳብ ግማሹን እስማማለሁ። «ምን በላህ?» ባዶ ጥያቄ ነው መባሉን ግን አልቀበልም፤ በእኛ ዕድሜ «እወድሃለሁ» ለማለት ያልደፈረች ልጅ የምትለው እሱን ነው። መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ አስነብቢን፤ ከዚያ ሳትጠይቀው የምትውልበት ቀን ሲመጣ እኛም እንደ ልጁ እንደነግጣለን። «ፓኬጅ አልቆብኝ ነው» የሚለውንም ሰበብ አትርሺ፣ ሁላችንም ተጠቅመንበታል።

የአማርኛ መምህሩ፦
ከሁለቱም የተለየ አንድ ነገር ልጨምር። ቋንቋችን በአንዲት ፊደል የሚሠራውን ሥራ አይናቁት። የሚቀራረቡ ወጣቶች ሴቷን «አንተ»፣ ወንዱን «አንቺ» እያሉ በፍቅር እንደሚጠራሩ ያውቃሉ። ልጁ ለሦስት ሳምንት «ደረስሽ?» እያለ ሲጽፍ ቆይቶ አንድ ማታ «ደረስክ?» ብሎ ቢልክላት፣ ልጅቷም ተሳስቶ ይሁን ሆን ብሎ ለመለየት ያቺን «ክ» ደጋግማ ብታያት፣ ገጽ ሙሉ የፍቅር ቃል ከመደርደር ይበልጣል። እንዲሁም «ጓደኛዬ» የሚለው ቃል ለወዳጅም ለፍቅረኛም ስለሚያገለግል፣ ልጁ ለእናቱ «ጓደኛዬ ናት» ሲል እናትየው በየትኛው እንደተረዱት ሳይገልጹ ይለፉት።

ጀማሪዋ ደራሲ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጠፋውን መልእክት ሞክሬው ምዕራፉ ወደ 9 ገጽ ወረደ፤ 5 ማድረስ ግን አልቻልኩም። «ደረስክ?» የሚለውን እህቴ አንብባ ፈገግ ካለች በኋላ «ይሄ ልጅ ማነው?» ብላ ስለጠየቀችኝ እንደሠራ ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ የልጅቷ ስልክ «20፡30» የሚያሳይ ከሆነ ትረካው ላይ የቱን ሰዓት ልጻፍ?

አርታኢው፦
ትረካውም ገጸ ባሕርያቱም «ከምሽቱ 2፡30» ይበሉ። የስልኩን አቆጣጠር የሚያነሡት የቀጠሮ ሰዓት የሚያምታታ ከሆነ ብቻ ነው፤ ልጁ «በ8 ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ልጅቷ ከቀኑ 8፣ እሱ ደግሞ ከምሽቱ 2 ካፌው በር ላይ ሲቆሙ ማለት ነው።